ይቅርታዬ የበላቸው አሥራ አንድ ተረቶች

ሰው ሁሉ ስለ ኮምፒውተር ክፉ ክፉውን ያወራል። ደርሶ ቀጥ ይላል፣ ሲቸኩሉበት ይንቀራፈፋል፣ ቫይረስ ያዘው ይባላል። እኔ ግን ዛሬ የተነሣሁት ላመሰግነው ነው። ስድሳ ስምንት ዓመት በዚህች ምድር ስመላለስ፣ ሳያጉረመርም፣ «ለምን?» ሳይል፣ አንዲት ነገር ሳያጎድል ያዘዝኩትን የፈጸመልኝ እሱ ብቻ ነው። ጥፋቱ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው። ያዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ የማወጋችሁ ስለ ራሴ ሞኝነት ነው፤ በዚህ በኩል ስንቄ አያልቅም።

ወደ አሶሳ የመጣሁት በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ነው። ያን ጊዜ ፀጉር ነበረኝ። ኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ተቀጥሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ግምጃ ቤት ጠበቅሁ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል ሃያ ሁለት ይቆረጣል፣ በመካከሉ አንዲት ምስማር ብትጎድል ራት አይበላም። የሥራው ሕግ አንድ ነው፦ አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሁለት ግምጃ ቤት ውስጥ ሊኖር አይችልም። እዚያ ከገባ ከዚህ ይሰረዛል። በሁለቱም ቦታ ተመዝግቦ ከተገኘ ከጠባቂዎቹ አንዱ ሌባ ነው። ይህችን ሕግ ከአቡነ ዘበሰማያት አስበልጬ አውቃታለሁ፤ ንስሐ አባቴ እንዳይሰሙኝ።

ጎረቤቴ ሼህ በሽር ነው። የበርታ ሰው ነው፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያረጀ። ሰፋሪ ሆኜ ስመጣ፣ ቤት መሥራት የማላውቅ መሆኔን አይቶ፣ ቀርከሃ ቆርጦ የመጀመሪያዋን ጎጆዬን ያቆመልኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው አርባ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳይቀልድብኝ ውሎ አያውቅም። በአማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሚስቱም «መጣ» ናት፣ በሬውም «መጣ» ነው። እኔም በበርታ ቋንቋ አፌን ስከፍት ልጆቹ ሥራቸውን ትተው ለሣቅ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ተቻችለን እንኖራለን።

ይህ ሰው ተረት ያውቃል። «ያውቃል» ስል እንደ እናንተና እንደ እኔ አንድ ሁለት የጅብና የቀበሮ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከአሱር፣ ከዘጠኝ ሰዓቱ ሶላት በኋላ ማንጎው ሥር ተቀምጠን፣ በስልኬ ስቀዳው አንዱን ተረት ሁለት ጊዜ አላወራልኝም። ጅብ ሲሆን ትከሻው ይወድቃል፣ ጥንቸል ሲሆን ጆሮው ሳይረዝም አይቀርም። ማንጎ ከላይ ወድቆ ራሱን ቢመታው እንኳ ተረቱን ሳያቋርጥ ማንጎውን አንስቶ ለእኔ ያቀብለኛል። መቶ አርባ ተረት ሰበሰብን። ከስልኬ ወደ ኮምፒውተሬ፣ ከኮምፒውተሬ ወደ ፍላሽ ይሄዳሉ። ስልኬ ላይ አላስቀራቸውም፤ ሕጉን ነግሬያችኋለሁ።

ኮምፒውተሩን ገጣጥማ የሰጠችኝ የሼሁ ልጅ ዘሀራ ናት። ገበያው አጠገብ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አላት። አውራ ጣት የምታክለውን ፍላሽም ያመጣችልኝ፣ ሁለቱን የሚያመሳስለውን ፕሮግራምም የጫነችልኝ እሷ ናት። «ጋሼ፣ አዲስ በቀዱ ቁጥር ይህችን ይጫኑ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ፍላሹ ላይ እንዲሁ ይሆናል» አለችኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችኝ። አሁን ሳስበው አንዲትም ውሸት የለበትም።

ፍላሹን ለእሷም እንድትገለብጠው ስንት ጊዜ ለመነችኝ! እኔ ግን «ሥራው ሳይጠናቀቅ ርክክብ የለም» እያልኩ መለስኳት። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ነኝ።

ታዲያ በዚህ ዓመት ሼህ በሽር ሐጅ ደረሰው። ሐሙስ ሊነሣ ሆነ። ልጆች በበርታ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተረቶቹን በጉጉት ይጠብቃል፤ ዘሀራ ልትወስድላቸው ቃል ገብታለች። ሼሁም አንድ ቀን ማንጎው ሥር እንዲህ አለኝ፦ «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ እኔ ሰባ አምስት አልፌያለሁ። መካ ሄዶ የሚመለስ አለ፣ እዚያው የሚቀር አለ። እኔ ብቀር ድምፄ እዚህ ይቀራል። ልጆቹ ይሰሙታል። በዚህ ልቤ ዐርፏል።»

ይህን ያለው ሊነሣ ልክ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ነው። እኔ ቅዳሜ ጉዱን አፈላሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መቶ አርባኛዋን ተረት ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቼ ፍላሹን ሰካሁና ማመሳሰያዋን ተጫንኩ። ይህን ፕሮግራም ሳደንቅ ምራቄን የምውጠው በጭንቅ ነው። ሁለቱን ፊት ለፊት ያቆማቸዋል። «ይህ አለህ?» «አለኝ።» «ይህስ?» «አለኝ።» «ይህስ?» «የለኝም።» «እንካ!» ያለውን ደግሞ አይሰጥም፤ የጎደለውን ብቻ ያሟላል። አንዲት አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ታዘግማለች፣ ጫፍ ስትደርስ አለቀ። እኔ የዓመቱን ቆጠራ ሳካሂድ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት የኮሚቴ አባልና አራት ጠብ ይፈጅብኝ ነበር። እሱ ውኃ ተጎንጭቼ ብርጭቆውን ሳላስቀምጥ ጨረሰ።

ታዲያ ርክክብ መሆኑ አይደል? ከጡረታ ጋር አብሮኝ የወጣ የሞዴል አሥራ ዘጠኝ ጥራዝ ነበረኝ (እንዴት አብሮኝ እንደወጣ አትጠይቁኝ)። ብዕሬን አወጣሁና ሞላሁት። አስረካቢ፦ ኮምፒውተር። ተረካቢ፦ ፍላሽ። የዕቃው ዓይነት፦ ተረት። ብዛት፦ መቶ አርባ። የዕቃው ሁኔታ፦ በደኅና። ሁለቱም እጅ ስለሌላቸው ስለ ሁለቱም ፈረምኩ። ከዚያ በሕጉ መሠረት ተረቶቹን ከኮምፒውተሩ ሰረዝኩ። የተሰረዘው የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም ደፋሁ፤ ግምጃ ቤቱን ሳይጠርግ የሚሄድ ጠባቂ አይደለሁም። በመጨረሻ፣ እንዲያው ለማሰሪያ ያህል፣ ማመሳሰያዋን አንድ ጊዜ ደግሜ ተጫንኳት።

ታማኙ አገልጋይም ቆጠራውን ጀመረ። ኮምፒውተሩን «ይህ አለህ?» አለው። «የለኝም።» ጌታው የሌለው ነገር ሎሌው ዘንድ ምን ይሠራል? አወጣና ጣለው። «ይህስ?» «የለኝም።» ጣለው። መቶ አርባ ጊዜ እንዲህ አለ። አረንጓዴዋ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሄደች፤ እንዲያውም ከወትሮው ፈጠን ብላለች፣ እያየኋት ደስ ብሎኛል። «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ከዚያ አንዷን ተረት ልሰማ ፍላሹን ብከፍተው ባዶ ነው።

ነቀልኩት፤ ሰካሁት። በሌላው ቀዳዳ ሰካሁት። እፍ አልኩበት። በሸሚዜ ወለወልኩት። አራገፍኩት፣ ተረት ወለሉ ላይ የሚፈስ ይመስል። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት፣ አበራሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት፤ ቴሌቪዥኑም «ምንም የለም» አለኝ። በመጨረሻ ሞዴል አሥራ ዘጠኙን አንስቼ ደግሜ አነበብኩት። ብዛት መቶ አርባ፣ ሁኔታው በደኅና። ወረቀቱ እንደ ወረቀት ፍጹም ነው። በአገልግሎት ዘመኔ እንዲህ ያማረ ሰነድ አላዘጋጀሁም።

በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ማዶ «አሰላሙ አለይኩም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሼህ በሽር። ጋቢዬን አንስቼ ኮምፒውተሩን አለበስኩት።

ለሐጅ የሚነሣ ሰው ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የተቀያየመውን ሁሉ እየዞረ «አፉ በለኝ» ይላል፤ የሰው ቅሬታ ተሸክሞ ወደ መካ አይኬድም። ሼሁም ለዚህ ነው የመጣው። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ጀመረ።

«ያ አኺ፣ አርባ ዓመት ተጎራብተናል። በድዬሃለሁ።»

«ኧረ ምን በድለኸኝ ሼሆ!»

«ዝም በል፣ ልናገር። መጀመሪያ ጊዜ ፍየልህ ማሽላዬን በላ። በድንጋይ መታሁት፣ አነከሰ። አንተ ስትጠይቀኝ ውሻ ነው አልኩ።»

«ያቺ ፍየል? ታርዳ ከተበላች ሠላሳ ስምንት ዓመቷ!»

«አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ።»

«ሁለተኛ፣ ከወንበርማ ገበያ የገዛሁልህ ነው ያልኩህ ማር የራሴ ቀፎ ነው። ጥሩ ስላልነበረ የእኔ ነው ለማለት አፈርኩ።»

እሱ እንዲህ እያለ የአርባ ዓመት ጉድፉን አንድ በአንድ ይለቅማል፤ እኔ ጎኔ ጋቢ የለበሰው ጥፋቴ ተጎልቶ «አፉ ብያለሁ፣ አፉ ብያለሁ» እላለሁ። እንደ ጳጳስ ይቅር ባይ ሆኛለሁ። ሲጨርስ እንባውን በጀለቢያው ጠረገና ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተስ? ልብህ ላይ ያለ ነገር አለ?»

አሁን ተናገር አለኝ ልቤ። አፌ ግን ከልቤ ጋር ተመሳስሎ አያውቅም። «ምንም የለም» አልኩ።

«ተረቶቹ ደኅና ናቸው?»

«መቶ አርባ፣ በደኅና» አልኩት። በወረቀት የተረጋገጠ ነው።

እሱ እንደወጣ ራሴን ጠላሁት። ፊት ለፊት ለመናገር ወኔ ካጣሁ በድምፅ ቀድቼ ልስጠው ብዬ ስልኬን ከፈትኩና ይቅርታዬን ቀዳሁ። እንግዲህ ስናገር ታውቁኛላችሁ። አርባ ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ወደ ኮምፒውተሩ አስገባሁት። እጄም የለመደውን አልረሳ ብሎ፣ ፍላሹ እንደ ተሰካ፣ ማመሳሰያዋን ተጫነ።

እሑድ ጠዋት ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ በባጃጅ ዘሀራ ሱቅ ወሰድኩት። ሹፌሩ «ምን ሆኖ ነው አባባ፣ ታሞ ነው?» አለኝ። «የታመምኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አስታማሚ ነው» አልኩት።

ለዘሀራ ሁሉን ነገርኳት። ሞዴል አሥራ ዘጠኙንም አሳየኋት። አነበበችና ከንፈሯን ነከሰች፤ ከቁጣ ይሁን ከሣቅ አላወቅሁም።

«ጋሼ፣ ከጠፉ በኋላ አዲስ ነገር አስገብተዋል?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«አንዲት ትንሽ ይቅርታ።»

«የስንት ደቂቃ?»

«የአርባ ሦስት።»

ዐይኗን ጨፈነች። «ኮምፒውተሩ ላይ ነው ፍላሹ ላይ?»

«በሁለቱም» አልኩ፤ «አመሳስዬዋለሁ።»

ይህች ልጅ ሌላ ሰው ብትሆን በኪቦርዱ ትለኝ ነበር። እሷ ግን በርጩማ አቀረበችልኝና ስክሪኑን እያሳየች አስረዳችኝ። ፋይል ሲሰረዝ ወዲያው አይጠፋም አለችኝ። ማሽኑ የሚያጠፋው ከዝርዝሩ ላይ ስሙን ነው። ዕቃው ሌላ ነገር መጥቶ ቦታውን እስኪይዝበት መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው። ይህ ደግሞ ለእኔ ምን ይነገረኛል! የዕቃው ካርድ ተቀደደ እንጂ ዕቃው ከግምጃ ቤት አልወጣም ማለት ነው። ከበርጩማዬ ተነሥቼ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

«እንግዲያው ሁሉም አለ!»

«ይቅርታዎ ከተቀመጠባቸው በቀር።»

«ይነሣልኛ!»

«ይነሣል። ሥር የነበረው ግን አይነሣም።»

ሥራ ጀመረች። ያን ቀን የዚያችን ልጅ ትዕግሥት ያላየ ምን አየ? አንዱን ሳጥን ትከፍታለች፣ አንዱን ትዘጋለች፣ ከኮምፒውተሩ ያልተገኘውን ከፍላሹ ትፈልጋለች፣ ከፍላሹ የተሰበረውን ከኮምፒውተሩ ትጠግናለች። አንዷ በተገኘች ቁጥር የአባቷ ድምፅ ሱቁ ውስጥ ይሰማል፤ እሷ ፈገግ ትላለች፣ እኔ በእጄ እቆጥራለሁ። ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ገበያተኛ ሳይቀር ጉዳዩን ረስቶ ቆሞ ጅቡን ያዳምጣል። አሥር ሰዓት ላይ መቶ ሃያ ዘጠኝ ደረስን፤ ከዚያ ወዲያ ቆመ። አሥራ አንድ ተረት ይቅርታዬ በልቷል። ዘሀራ የአሥራ አንዱን ርእስ በወረቀት ጻፈችልኝ፤ የተገኙትንም በሦስት ቦታ ገልብጣ አስቀመጠች። ሦስት ቦታ! ሕጌን ለመጥቀስ ያን ቀን አፍ አልነበረኝም።

«ይቅርታውን ትንሽ ሰማሁት ጋሼ» አለችኝ ስወጣ። «ሃያው ደቂቃ ስለ ጉልበትዎ ሕመም ነው።»

«ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪው። እኔው እነግረዋለሁ።»

ጎንበስ ብላ ሽቦዎቿን መጠቅለል ጀመረች። እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

ሰኞ ከአሱር በኋላ ሼሁ ከች አለ። «ያ አኺ፣ አንድ ረስቼ ነበር። መሰላልህን ሳልነግርህ ወስጄ ዓመት ሙሉ ተጠቅሜያለሁ።» መሰላል ኖሮኝ አያውቅም፤ ዕድሜ ነው ብዬ በልቤ አዘንኩለት፣ አፉም አልኩት። ታዲያ ያን ጊዜ ተንኮል መጣልኝ። ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ በማንጎ ሰሐን ሥር፣ ከተነጠፈው ጨርቅ በታች ደበቅሁና፣ እንዲያው ነገር ለማንሣት ያህል አስመስዬ፣ «ሼሆ፣ ያቺ ዝሆን የዘፈነችበት ተረት እንዴት ነበረች?» አልኩት።

ሳይለመን ጀመረ። እሷን ሲጨርስ «የቀርከሃውን አጥር የነከሰው ጅብስ?» አልኩ፤ እሱንም ቀጠለ። አራት ተረት አወራልኝ። እኔ በብልጠቴ ተኩራርቼ ልፈነዳ! እንዴት ያለ አንደበት ነው ደግሞ! ቃሉን ጥርት አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ማንጎው ሰሐን አዙሮ፣ ባጃጅ ሲያልፍ ድምፁን ከፍ እያደረገ። መሀል ላይ ባምባሲ ያለችው ልጄ ደወለችና ሰሐኑ ተንጫጫ። እጄን ከሰሐኑ ሥር ሰድጄ አፈንኩት። ሼሁ አንገቱን አዙሮ የማንጎውን ዛፍ እያየ ጠበቀ፤ ጸጥ ሲል ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ደገመው። ሽማግሌው መርሳት ጀምሯል ብዬ ደግሜ አዘንኩለት።

ማክሰኞ መጣ። «በልጅህ ሠርግ ስትጨፍር ግመል ይመስላል ብዬ ለሰው አውርቻለሁ። አፉ በለኝ።» «አፉ ብያለሁ።» አራት ተረት።

ረቡዕ መጣ። በማግሥቱ የሚነሣ ሰው፣ ቤቱ በሸኚ ተሞልቶ፣ እኔ ዘንድ መጥቶ ቁጭ አለ። «ያ አኺ፣ ከዓመታት በፊት በሕልሜ በዱላ ደበደብኩህ። ስነቃ አላዘንኩም። አፉ በለኝ።»

ለሕልም! በሕልሙ ለመታኝ ዱላ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ እኔ በጠራራ ፀሐይ የሠራሁትን ይዤ ከሰሐን ሥር ተረት እሰርቃለሁ። የመጨረሻዎቹን ሦስት አወራልኝ። አሥራ አንደኛዋ ስታልቅ ተነሥቶ ጀለቢያውን አራገፈና «ኸላስ፣ አለቀ» አለ። ሊወጣ ሲል እጁን ያዝኩት። ጉልበቴን እያመመኝ ተንበረከክሁ፤ ይህን እንኳ ከሃያው ደቂቃ ላይ አትደምሩብኝ።

«ሼሆ፣ ሰርዤብህ ነበር» አልኩት። «ቅዳሜ። ሁሉንም። በራሴ እጅ፣ ፈርሜ። ልጅህ አዳነችልኝ እንጂ ጠፍተው ነበር። ዋሸሁህ። እነዚህንም ሦስት ቀን ስቀዳህ የነበረው ተደብቄ ነው።» ጨርቁን ገልጬ ስልኩን አሳየሁት።

ስልኩን አየው። እኔን አየኝ። ከኪሱ የታጠፈች ወረቀት አወጣ፤ የዘሀራ ጽሕፈት ናት። አሥራ አንድ ርእስ፣ አሥራ አንዱም በእስክሪብቶ ተሰርዘዋል።

«እሑድ ዕለት ዘሀራ ነገረኝ» አለ። «ዝርዝሩንም ሰጠኝ። ሸኚዎቹን ቆዩኝ፣ መጣሁ እያልኩ በየቀኑ ሦስት አራት ተረት ይዤ መጣሁ። አንተ እንዳታፍር ነው። ደግሞ ስልክህን ከማንጎው በላይ ብታደርገው ጥሩ ነበር፤ ድምፄ ይታፈናል ብዬ ስጮህ ጉሮሮዬ ነደደ።»

ስልኩን አንስቼ መቅጃውን ዘጋሁት።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለና ትከሻዬን ጨበጠው። ከዚያ ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ ከበደ። «አሁን የእኔ ቀረ። የእውነቱ ጥፋት ቅዳሜ ዕለት አልቆብኝ ነበር። እዚህ ለመምጣት ደግሞ ሰበብ ያስፈልጋል። መሰላል የለም። ግመል አላልኩህም። ሕልሙንም አላየሁም። ለሐጅ የተነሣ ሰው በአንተ ምክንያት ሦስት ቀን ሙሉ ዋሸ። በል አፉ በለኝ፤ ነገ መንገደኛ ነኝ፣ ይሄኛው ወላሂ የእውነት ነው።»